ፊደሉ ሲቆጠር ዓመት የሚሆን ወንዝ

በልጅነቴ ቤታችን ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የነበረው የፊደል ገበታ ከግርጌው አኃዝ የሚባል ረድፍ ነበረው። ፊደል የሚያስቆጥሩኝ አያቴ ከሀ ጀምረው በዜማ ይወስዱኝና እዚያ ረድፍ ላይ ስንደርስ ዜማውን አቁመው በያዙት ስንጥር ቁጥሮቹን አንድ በአንድ እየነኩ «እነዚህ ደግሞ ቀድሞ ፊደል ነበሩ» ይሉኝ ነበር። የማን ፊደል እንደ ነበሩ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። ጥያቄው የመጣልኝ እርሳቸው ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ «ኔይሎስ» ስለሚባል አንድ የጥንት ግሪክ ቃል ሳነብ ነው። ዓለም ዛሬ ናይል የሚለው ስም የተወረሰው ከዚህ ቃል ነው።

ኔይሎስ ግሪኮች ሲጠቀሙበት የኖሩት እንጂ ከራሳቸው ቋንቋ ያወጡት ቃል አይመስልም። በሆሜር ኦዲሴይ ውስጥ ወንዙ በዚህ ስም አይታወቅም፤ አገሩም ወንዙም «አይጊፕቶስ» ይባላሉ፤ ልዩነታቸው ወንዙ በወንድ ጾታ፣ አገሩ በሴት ጾታ መጠራታቸው ብቻ ነው። ኔይሎስ የሚለውን ስም የምናገኘው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ700 ገደማ የነበረው ሄሲዮድ የአማልክትን ትውልድ በዘረዘረበት ግጥም ውስጥ ነው፤ ቴቲስ ለኦቄያኖስ የወለደቻቸው ወንዞች ሲቆጠሩ የመጀመሪያው እርሱ ነው። ግብጻውያን ራሳቸው ግን ወንዛቸውን «ኢተሩ»፣ ማለትም በቀላሉ «ወንዙ» ይሉት ነበር፤ ዋናውን ፈሳሽ ከቅርንጫፎቹ መለየት ሲያስፈልጋቸው «ታላቁ ወንዝ» ይሉታል፤ በየዓመቱ የሚመጣውን ሙላት ደግሞ «ሐፒ» ብለው እንደ አምላክ ያከብሩታል። «ታላቁ» የሚለውን ሳነብ የራሳችን ስም ትዝ አለኝ። በግእዝ ዐቢይ ታላቅ፣ ዐባይ ታላቂቱ ማለት ነው። ከምንጩ አጠገብ የሚኖረው ሕዝብና ከባሕሩ አጠገብ የሚኖረው ሕዝብ፣ ሳይመካከሩ፣ ወንዙን አይተው ያሉት ቃል አንድ ነበር። ግሪኮች ያሉት ግን ሌላ ነው፤ ምን እንዳሉም በእርግጠኝነት የሚያስረዳን የለም።

አንዳንድ ሊቃውንት ኔይሎስን በዕብራይስጥ ፈሳሽንና ፈሳሹ የሚወርድበትን ሸለቆ ከሚጠራው «ናሐል» ጋር ያዛምዱታል፤ ፊንቄያውያን መርከበኞች በግሪኮችና በግብጽ መካከል ሲመላለሱ ስለኖሩ ቃሉን እነርሱ አሻግረውት ይሆናል የሚል ሐሳብ ነው። ሌሎች ወንዙ ወደ ባሕር ሲገባ የሚከፋፈልባቸውን አፎች ከሚጠራ የግብጽኛ ሐረግ ያመጡታል። እኔ ወደዚህኛው አዘነብላለሁ፤ በባሕር የመጣ እንግዳ ወንዙን የሚተዋወቀው በአፉ ነውና፣ መጀመሪያ የሚሰማው ስም የአፎቹ ስም ቢሆን አያስደንቅም። በመጀመሪያው መቶ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የነበረው ታሪክ ጸሐፊ ዲዮዶሮስ ደግሞ ብዙ ቦዮች ያሠራ ኒሌዎስ የሚባል ንጉሥ ስሙን ለወንዙ እንደ ሰጠ የሚነገረውን ጽፎአል፤ ለማይታወቅ ስም ሁሉ ንጉሥ የመፈለግ ልማድ በብዙ አገር ያለ ስለሆነ በዚህ ላይ አልቆይም።

የቃሉ ምንጭ ያልታወቀ መሆኑ ግን ለግሪኮቹ ሌላ በር ከፈተላቸው። እኛ የተማረን ሰው «ፊደል የቆጠረ» እንላለን፤ እነርሱ ይህን ቃል በቃል ያደርጉት ነበር። የግሪክ ሰዎች ለቁጥር የተለየ ምልክት አልነበራቸውም፤ ከተለመዱት 24 ፊደላት ላይ ከአገልግሎት የወጡ ሦስት አሮጌ ፊደላት ጨምረው 27 አደረጓቸውና ዘጠኙን ከ1 እስከ 9፣ ዘጠኙን ከ10 እስከ 90፣ ዘጠኙን ከ100 እስከ 900 አደሏቸው። አልፋ 1 ነው፤ ቤታ 2 ነው፤ ዮታ 10፣ ካፓ 20 እያለ ይሄዳል። እንዲህ ሲሆን ማንኛውም የተጻፈ ቃል፣ ጸሐፊው ቢያስብበትም ባያስብበትም፣ ድምር አለው። ሁለት ቃላት አንድ ዓይነት ድምር ሲኖራቸው «ኢሶፕሴፋ» ይባላሉ፤ «ኢሶስ» እኩል፣ «ፕሴፎስ» ጠጠር ማለት ነው፤ ጠጠራቸው እኩል የሆነ እንደማለት። ሒሳብ በጠጠር ይሠራ ስለነበር ነው እንዲህ የተባለው። ይህ የሊቃውንት ምሥጢር ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ79 ቬሱቪየስ ተራራ ፈንድቶ በአመዱ በቀበራት በፖምፔይ ከተማ ግድግዳ ላይ አንድ ሰው «ቁጥሯ 545 የሆነችውን እወዳታለሁ» ብሎ በግሪክ ጽፎ ተገኝቷል። ስሟን ደብቆ ድምሯን ገለጠ።

አሁን ኔይሎስን እንቁጠረው። ቃሉ ስድስት ፊደላት አሉት። ኒ 50፣ ኤፕሲሎን 5፣ ዮታ 10፣ ላምዳ 30፣ ኦሚክሮን 70፣ ሲግማ 200። ድምሩ 365 ነው።

የአያቴ ነገር የገባኝ ይህን ድምር በወረቀት ላይ ስሠራ ነው። ቁጥሮቹን በግእዝ አኃዝ ጻፍኋቸው፦ ፶፣ ፭፣ ፲፣ ፴፣ ፸፣ ፪፻። ከዚያም አጠገባቸው የግሪኩን ፊደል ጻፍሁ። ፲ ከላይና ከታች መስመር የተሰመረባት ዮታ ናት። ፴ እግሯን ከፍታ የቆመችው ላምዳ ናት። ፸ ክቧ ኦሚክሮን፣ ፭ የግሪኮቹ ኤፕሲሎን፣ ፶ በብዙ ቅጂ መልኳ የተለወጠ ኒ ናት። ከስድስቱ ፊደላት አምስቱ በፊደል ገበታችን ግርጌ ተቀምጠዋል፤ ሲግማ ብቻ የለችም፤ ምክንያቱም የእኛ አኃዝ ከግሪኩ የወሰደው እስከ መቶ ድረስ ያለውን ነው፤ ሁለት መቶ ለመጻፍ ፪ን በ፻ ፊት ማስቀደም ይበቃናል። የአክሱም ሰዎች በአራተኛው መቶ ዘመን በድንጋይ ላይ ሲጽፉ እነዚህኑ ቁጥሮች ይጠቀሙ ነበር። እንግዲህ ፊደሉን ሳላውቀው፣ ለዘመናት የወንዙን የግሪክ ስም የሚጽፉት ምልክቶች በቤታችን ግድግዳ ላይ ነበሩ። «ቀድሞ ፊደል ነበሩ» ያሉኝ እውነት ነበር።

የኔይሎስን ድምር በግልጽ ጽፈው ካቆዩልን ሰዎች አንዱ ሄሊዮዶሮስ ነው። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው መቶ ዘመን የኖረ፣ በሶርያ ያለችው የኤሜሳ ከተማ (የዛሬዋ ሆምስ) ሰው ነው፤ ኢትዮጵያዊት ልዕልት የሆነችን ሴት ታሪክ የሚተርክ ረጅም ልብ ወለድ በግሪክ ጽፎአል፤ የመጽሐፉም መጠሪያ «ኢትዮጵያዊ ነገሮች» እንደማለት ነው። በዘጠነኛው ክፍል የኢትዮጵያ ንጉሥ ሂዳስፔስ በዛሬዋ አስዋን፣ በያኔዋ ሲዬኔ፣ የፋርስን ጦር ድል አድርጎ ወደ ከተማዪቱ ሲገባ የቤተ መቅደሱ ካህናት የወንዙን ሙላት የሚለኩበትን ጉድጓድ ያሳዩታል። ከዚያም ወንዙን ያወድሱለታል። ኔይሎስ የተባለው በየዓመቱ አዲስ ደለል ስለሚያመጣ ነው ይሉታል፤ በግሪክ «ኔአ» አዲስ፣ «ኢሊስ» ደለል ነውና። በጋ መግባቱን በመሙላቱ፣ መጸው መምጣቱን በመጉደሉ የሚያስታውቅ ወንዝ ስለሆነ ኔይሎስ ማለት ሌላ ሳይሆን ራሱ ዓመቱ ነው፤ ለዚህም ምስክሩ ስሙ ነው፤ ፊደላቱ ወደ ቁጥር ሲለወጡ ልክ እንደ ዓመቱ ቀናት 365 ይሆናሉ ይሉታል።

የንጉሡ መልስ ነው ከሁሉ የያዘኝ። ይህ የምትኮሩበት ነገር የግብጽ ሳይሆን የኢትዮጵያ ነው ይላቸዋል፤ ይህን ወንዝ፣ ወይም እናንተ እንደምትሉት ይህን አምላክ፣ የምትልክላችሁ የኢትዮጵያውያን ምድር ናትና፣ የአማልክቶቻችሁ እናት ስለሆነች እርሷን ልታከብሩ ይገባችኋል ይላቸዋል። መጽሐፉ ልብ ወለድ ነው፤ ንጉሡም ሰው የፈጠረው ነው። የግሪኮች ኢትዮጵያም የዛሬዋን አገራችንን ብቻ የሚመለከት ስም አልነበረም፤ ሂዳስፔስ የሚነግሠው በዛሬዋ ሱዳን በነበረችው በመሮዌ ነው። በዚሁ መጽሐፍ የአክሱም ሰዎች ለብቻቸው ይመጣሉ፤ ገባር ሳይሆኑ ወዳጅ ተብለው ለንጉሡ ቀጭኔ በስጦታ ያቀርባሉ። ስለዚህ ቃሉን ጎትቼ የእኛ ብቻ ላደርገው አልፈልግም። ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ርቆ የኖረ አንድ ሶርያዊ ደራሲ የስሙን ቁጥር የሚያውቁትን ካህናትና ውኃው ከየት እንደሚመጣ የሚያውቀውን ንጉሥ ፊት ለፊት አቁሞ ማነጋገሩ በአጋጣሚ የተደረገ አይመስለኝም።

ስለ ቁጥሩ ያለኝን ፍርድ ደግሞ ሳልሸሽግ ልናገር። በፊደል ድምር ላይ የቆመ ሐሳብ በቀላሉ ሰውን ያስታል። በሁለተኛው መቶ ዘመን በእስክንድርያ ያስተምር የነበረው ባሲሊዴስና ተከታዮቹ የሚያከብሩት «አብራሳክስ» የሚል ስም ነበራቸው፤ አልፋ 1፣ ቤታ 2፣ ሮ 100፣ አልፋ 1፣ ሲግማ 200፣ አልፋ 1፣ ክሲ 60፤ ድምሩ 365 ሲሆን፣ እነርሱ ከሚያስተምሯቸው 365 ሰማያት ጋር ይገጥማል። ቅዱስ ጄሮም ይህንኑ ስም ከፋርሱ አምላክ ከሚትራ ስም ጋር በቁጥር እኩል እንደሚያደርጉት ጽፎአል። ሚትራስ ግን በተለመደው አጻጻፍ ሲደመር 360 ብቻ ነው፤ 365 የሚሆነው «ሜይትራስ» ተብሎ አንዲት ኤፕሲሎን ሲጨመርበት ነው። ይህ ስሙን ለቁጥሩ ሲሉ መቀየር ነው፤ ጠጠሩን ቆጥሮ ሲጎድል ከኪስ አውጥቶ እንደ መሙላት ያለ ነው።

ኔይሎስ ከዚህ ይለያል። ኤፕሲሎኗ ማንም ለድምር ብሎ የጨመራት አይደለችም፤ ቁጥሩን የሚፈልግ ሰው ሳይኖር በፊት፣ በሄሲዮድ ግጥምም፣ በሄሮዶቶስ ታሪክም የተለመደው አጻጻፍ ይኸው ነበር። በሮማውያን ዘመን ኤፕሲሎንና ዮታ ተጣምረው እንደ «ኢ» ብቻ ይነበቡ ስለነበር ሰው በአፉ «ኒሎስ» ይላል፤ እንደሚነገረው ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ድምሩ 360 በሆነ ነበር። ይህን ሳሰላ ብዕሬን አስቀምጬ ዝም ብዬ ተቀመጥሁ። 360 የግብጻውያን አሥራ ሁለት ወራት ናቸው፤ እያንዳንዱ 30 ቀን። የቀሩት አምስት ቀናት ከወራቱ ውጭ የሚጨመሩ ናቸው፤ ግሪኮች «ኤፓጎሜናይ»፣ የተጨመሩት፣ ይሏቸዋል። በቅብጥ በኩል አልፎ ወደ እኛ ሲደርስ ጳጉሜን የሆነው ይህ ቃል ነው። የማትሰማው፣ በአፍ የማትነገረው፣ በጽሕፈት ብቻ የምትቀረው ያች ኤፕሲሎን ዋጋዋ 5 ነው። ጥንታውያን ይህን አስተውለው እንደ ሆነ የሚናገር ጽሑፍ አላነበብሁም፤ ትርጉም አለው ብዬም አልከራከርም። ሲገጥም አየሁት፤ ያየሁትንም ጻፍሁ። የእኛ ባሕረ ሐሳብ የሚቆጥርበት አበቅቴም ከዚያው ከግሪክ የመጣ፣ ትርፍ ሆነው የሚጨመሩ ቀናትን የሚጠራ ቃል ነው፤ የትርፍ ቀናትን ስሞች ሁለቱንም ከአንድ ቋንቋ መውሰዳችን ሁልጊዜ ይገርመኛል።

አንዲት ፊደል ስምን እንደምትለውጥ ለእኛም አዲስ አይደለም። «ዓባይ» በዓይኑ ዓ ሲጻፍ ታላቅ ነው፤ «አባይ» በአልፋው አ ሲጻፍ ውሸታም ነው። ንግግሩ አንድ ነው፤ ልዩነቱን የሚያውቀው ዐይን ብቻ ነው። በጋዜጣም በመንገድ ሰሌዳም ላይ ወንዙ በአልፋው አ ተጽፎ ባየሁ ቁጥር ቅር ይለኛል። ፊደላቱ በድምፅ ስለተዋሐዱ አንዱ ይቅር የሚሉ ሰዎች ምክንያት አላቸው፤ ይሁን እንጂ እንደ ኔይሎሷ ኤፕሲሎን ድምፅዋ ጠፍቶ ዋጋዋ ያልጠፋ ፊደል እንዳለች ያየሁ እኔ በዚህ ልስማማ አልቻልሁም።

ወደ ደለሉ ልመለስ፤ የነገሩ ፍሬ እዚያ ነውና። «አዲስ ደለል» የሚለው የስም ትርጓሜ በሥነ ልሳን ሚዛን አይቆምም፤ ባዕድ ቃልን በራስ ቋንቋ ሰንጥቆ መፍታት ነው፤ በእኛም ዘንድ የቦታ ስም ሲፈታ በየቀኑ የምንሰማው ዓይነት ነው። ሆኖም ካህናቱ ስለ ቃሉ ቢሳሳቱም ስለ ወንዙ አልተሳሳቱም። ግብጽን እርሻ ያደረጋት ያ ጥቁር ጭቃ ነው፤ ጭቃው የመጣው ደግሞ በብዛት ከኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ነው። አስዋን ላይ ከሚደርሰው ውኃ 85 በመቶ ያህሉ በዓባይ፣ በተከዜና በባሮ በኩል ከእኛ ተራሮች ይወርዳል፤ ከደለሉ የሚበልጠው ድርሻ እንዲሁ። እኛ «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» እንላለን። ከላይ የቆመ ሰው የሚያየው ግንዱን ነው፤ ከታች የቆመ ሰው የሚቀበለው ደለሉን ነው፤ ተረቱ የእኛ፣ የስሙ ፍቺ የእነርሱ፣ የሚወራለት ጎርፍ ግን አንድ ነው።

ግሪኮች ይህን ለማወቅ ብዙ ደክመዋል። ሌሎች ወንዞች በሚጎድሉበት በጋ ይህ ወንዝ ለምን ይሞላል የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ ነሥቷቸው ነበር። ሄሮዶቶስ በአምስተኛው መቶ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ግብጽ ሄዶ ጠየቀ፤ ሙላቱ በበጋ ፀሐይ መመለሻ ጀምሮ መቶ ቀን እንደሚቆይ ጻፈ፤ ምክንያቱን የሚነግረው ግን አላገኘም። ወንዙ የሚሞላው በረዶ እየቀለጠ ነው የሚሉትን ከሁሉ ሞቃት ከሆነ አገር የሚመጣ ውኃ እንዴት ከበረዶ ይፈስሳል ብሎ አልተቀበላቸውም። በሁለተኛው መቶ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የነበረው አጋታርኪዴስ ግን ምላሹን በትክክል ሰጥቷል፦ በየዓመቱ ከበጋ ፀሐይ መመለሻ እስከ መጸው እኩሌታ ድረስ በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ የማያቋርጥ ዝናብ ይወርዳል። በእኛ አቆጣጠር ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ ማለት ነው፤ ክረምታችንን ከዚህ በተሻለ ማንም አልገለጠውም። ስለዚህ የግሪክ በጋ ላይ የሚሞላው ወንዝ በእኛ ክረምት የሚሞላ ወንዝ ነው፤ ኔይሎስ የሚለካው ዓመትም ጳጉሜን ላይ የሚያልቀውና መስከረም ላይ የሚታደሰው ዓመት ነው። የካህናቱን 365 ከተራራው ሆኜ ስቆጥረው የማገኘው የሰኔን ደመና ነው።

ቃሉ ራሱም እዚህ ተጽፎ ነበር። በዛሬዋ ኤርትራ ጠረፍ በነበረችው በአዱሊስ ወደብ የድንጋይ ዙፋን ላይ አንድ ስሙ ያልታወቀ የአክሱም ንጉሥ ድሎቹን በግሪክ አስቀርጾ ነበር። ኮስማስ የሚባል የእስክንድርያ ነጋዴ በስድስተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ፣ ንጉሥ ካሌብ ለአዱሊስ ገዥ በሰጡት ትእዛዝ ምክንያት፣ ጽሑፉን ገልብጦ ባያቆየው ኖሮ ዛሬ አናውቀውም ነበር። ንጉሡ የስሜን ሰዎችን ወጋሁ ይላል፤ የሚኖሩትም ከኔይሎስ ማዶ፣ መውጫ በሌላቸው ተራሮች ላይ፣ ጭጋግና ውርጭ በማይለይበት፣ በረዶው ሰውን እስከ ጉልበቱ በሚውጥበት አገር ነው ይላል። ከአክሱም ወደ ስሜን ተራሮች የሚሄድ ሰው የሚሻገረው ወንዝ ተከዜን ነው። እንግዲህ ለዚህ ንጉሥ ኔይሎስ ማለት ተከዜ ነበር፤ ሄሮዶቶስ የለም ያለው በረዶም በዚያው ዐረፍተ ነገር ውስጥ አለ። ከእርሱ በኋላ ዒዛና በግእዝ ባስጻፈው ጽሑፍ ግን ኔይሎስ የሚል የለም፤ ዘመቻው ሴዳና ተከዜ እስከሚገናኙበት እንደ ደረሰ ይናገራል፤ ሴዳ የተባለው ታላቁ ወንዝ ነው። ለውጭ ሰው በግሪክ ሲጻፍ የግሪኩ ስም፣ ለራስ ሰው በግእዝ ሲጻፍ የራስ ስም። ኮስማስ ከዙፋኑ አጠገብ የገለበጠው ሌላው ሐውልት የግብጹ ንጉሥ የሦስተኛው በጥሊሞስ ነበር፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ238 በየአራት ዓመቱ ስድስተኛ ጳጉሜን እንድትጨመር በግብጽ ከተማ በካኖጶስ የታወጀው በዚሁ ንጉሥ ዘመን ነው። አዋጁ ያኔ አልጸናም፤ በአውግስጦስ ዘመን ጸና። እኛ ዛሬም በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ያችን ስድስተኛ ቀን እንቆጥራለን።

በኔይሎስ ዙሪያ ካሉት ቁጥሮች ሁሉ ሕዝቡ በሆዱ የሚያውቀው ግን 365 አልነበረም፤ 16 ነበር። በፖምፔይ ጥፋት ጊዜ የሞተው ሮማዊ ጸሐፊ ፕሊኒዮስ እንደ ጻፈው ሙላቱ 12 ክንድ ከሆነ ግብጽ ትራባለች፤ በ13 ገና እንደ ተራበች ናት፤ 14 ደስታ ያመጣል፤ 15 መተማመንን፤ 16 ጥጋብን። በሮም እ.ኤ.አ. በ1513 ከመሬት የወጣውና ዛሬ በቫቲካን ያለው የኔይሎስ ሐውልት ጋደም ያለ ጺማም ሽማግሌ ነው፤ በላዩ ላይ 16 ሕፃናት ይፈነጫሉ፤ እያንዳንዱ ሕፃን አንድ ክንድ ነው። የፊደልን ድምር ከሚያሰሉት ሊቃውንት ይልቅ ይህ ቀራፂ ለእኔ ይቀርበኛል። በአንድ ክንድ ልዩነት ልጅ ሲራብና ሲጠግብ የሚያይ ሕዝብ የቆጠረውን ቁጥር ልጅ አድርጎ ቀርጾታልና።

ያ ሙላት አሁን የለም። እ.ኤ.አ. በ1964 የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ውኃ መያዝ ከጀመረ ወዲህ ደለሉ ግድቡ ኋላ ባለው ሐይቅ ውስጥ ይተኛል፤ የግብጽ ማሳም እንደ ቀድሞው በየዓመቱ አዲስ ጭቃ አይለብስም። ስሙ አለ፤ ካህናቱ ስሙን የፈቱበት ነገር ግን እዚያ አይደርስም። እዚህ ላይ ግን በነሐሴ በዓባይ ድልድይ ላይ የቆመ ሰው አሁንም ያየዋል፤ ውኃው ቀይ ቡና መስሎ፣ ግንድና ሥር ይዞ፣ የማን ማሳ እንደ ነበር የማይታወቅ አፈር ተሸክሞ ይወርዳል። ካህናቱ ያሞገሱት የእኛን ገበሬ አፈር እንደ ነበር ሳስብ ደስታም ሐዘንም አብሮ ይሰማኛል።

ባለፈው ጳጉሜን የእኅቴ ልጅ እኛ ዘንድ ሰንብታ ነበር። ስድስት ዓመቷ ነው፤ ፊደል ትቆጥራለች። ዝናቡ አላስወጣ ሲለን አዲስ የገዛሁላትን ገበታ ምንጣፍ ላይ ዘርግተን ከሀ ጀመርን። ግርጌው ላይ ስንደርስ ስንጥሬን ፶ ላይ አኑሬ «እነዚህ ደግሞ ቀድሞ ፊደል ነበሩ» አልኋት።

«የማን?» አለችኝ።

ተነሥቼ ወረቀትና እርሳስ አመጣሁ።